ባለ ሁለት ራውተር ቤት ውስጥ የሊኑክስ ሚዲያ ማዕከል ስለ ማቋቋም

ጥያቄ፦ «ከኢንተርኔት አቅራቢው የተሰጠኝ ራውተር ሳሎን ውስጥ ይገኛል። ዋይፋዩ እስከ ሥራ ክፍሌ ስለማይደርስ ሌላ ራውተር ጨምሬ በኬብል አገናኘኋቸው፤ ለሁለቱም አንድ ዓይነት የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ሰጠኋቸው። በሥራ ክፍሉ፣ ስድስተኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር ባለው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ኡቡንቱ ሊኑክስ ጭኜ ጄሊፊን የተባለውን፣ ፊልሞችን ለቤቱ መሣሪያዎች የሚያድል ሰርቨር አስገብቻለሁ። ፊልሞቼ ከዊንዶውስ ጋር ስጠቀምበት በነበረ የ4 ቴራባይት የዩኤስቢ ዲስክ ላይ ናቸው። ሦስት ችግር ገጥሞኛል። ጄሊፊን ዲስኩ ላይ ያለውን ፎልደር ሊያነበው አልቻለም። የሳሎኑ ቴሌቪዥን ሰርቨሩን አንዳንድ ቀን ያገኘዋል፣ አንዳንድ ቀን ጨርሶ አያየውም። ለሙከራ ጥቂት የ4ኬ ፊልሞችን ወደ ኮምፒውተሩ የውስጥ ዲስክ ገልብጬ ስከፍታቸው ደግሞ በየደቂቃው ይቆማሉ። ጄሊፊንን ትቼ ኮዲ የተባለውን ማጫወቻ ብጠቀም ይሻላል? ወይስ ኔትወርኩን በሙሉ ልቀይረው?»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ ጄሊፊንን መተውም ሆነ የተዘረጋውን ኔትወርክ አፍርሶ እንደገና መጀመር አያስፈልግዎትም። የገለጿቸው ሦስት ችግሮች በአንድ ጊዜ ስለተከሰቱ ምንጫቸው አንድ ይመስላል እንጂ የፎልደሩ ነገር የሊኑክስ የፋይል ፈቃድ ጉዳይ፣ የቴሌቪዥኑ ነገር ራውተሮቹ የተያያዙበት መንገድ፣ የ4ኬው መቆራረጥ ደግሞ በአብዛኛው የፕሮሰሰሩ አቅም ነው። ከሁሉ አስቀድመው ኔትወርኩን እንዲያስተካክሉ እመክራለሁ። ሰርቨሩ የማይለዋወጥ አድራሻ ይዞ ሁሉም መሣሪያ በማንኛውም ሰዓት የሚደርስበት እስካልሆነ ድረስ፣ ሌላው ማስተካከያ መሥራቱንና አለመሥራቱን በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም።

ቴሌቪዥኑ ሰርቨሩን አንዳንድ ቀን ብቻ የሚያገኝበት ምክንያት ከጥያቄዎ ውስጥ ይነበባል። ሁለተኛውን ራውተር ከካርቶኑ አውጥተው፣ ከሳሎን የመጣውን ኬብል ዋን የሚል ጽሑፍ ባለበት፣ ወደ ኢንተርኔት በሚያገናኘው ቀዳዳ ላይ ሰክተውት ከሆነ፣ ያ ራውተር የመጀመሪያው ማራዘሚያ አልሆነም፤ ከጀርባው የራሱን ሌላ ኔትወርክ ፈጥሯል። የሳሎኑ ራውተር ለምሳሌ በ192.168.1 የሚጀምሩ አድራሻዎችን ሲያድል፣ የሥራ ክፍሉ በ192.168.0 የሚጀምሩትን ያድላል ማለት ነው። ኮምፒውተርዎ የሚገኘው በሁለተኛው ውስጥ ነው። የቤት ራውተር ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄደውን ያሳልፋል፣ ከውጭ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ሊገባ የሚሞክረውን ግን ይመልሳል፤ ለሁለተኛው ራውተር ደግሞ የሳሎኑ ኔትወርክ «ውጭ» ነው። የሁለቱ ዋይፋይ ስም አንድ በመሆኑ ቴሌቪዥኑ በተከፈተ ቁጥር ከሁለቱ አንዱን ይይዛል፤ የሥራ ክፍሉን በያዘበት ቀን ጄሊፊንን ያገኘዋል፣ የሳሎኑን በያዘበት ቀን ግን በሩ ተዘግቶበት ይውላል። ይህን ለማረጋገጥ ቴሌቪዥኑ ሰርቨሩን ባላገኘበት ሰዓት የኔትወርክ መረጃ ገጹን ከፍተው አይፒ አድራሻውን ያንብቡ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ከኮምፒውተሩ አድራሻ የሚለዩ ከሆነ ምክንያቱ ተገኝቷል።

መፍትሔው ሁለተኛውን ራውተር አድራሻ ከማደል ሥራ አውጥቶ ዋይፋይ የሚያሰራጭ አክሰስ ፖይንት ብቻ ማድረግ ነው። ብዙ ራውተሮች በማስተካከያ ገጻቸው ላይ ለዚህ የተዘጋጀ አክሰስ ፖይንት የሚል ምርጫ አላቸው፤ የእርስዎም ካለው እርሱን መርጦ ማስቀመጥ ይበቃል። ከሌለው በእጅ ይሠራል፤ ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። አስቀድመው የሁለተኛውን ራውተር የራሱን አድራሻ ከሳሎኑ ጋር ወደሚዛመድ፣ ነገር ግን የሳሎኑ ራውተር ለሌሎች ከሚያድለው ክልል ውጭ ወደሆነ ቁጥር፣ ለምሳሌ ወደ 192.168.1.2 ይለውጡት። ቀጥለው ዲኤችሲፒ የሚባለውን የአድራሻ ማደያ አገልግሎቱን ያጥፉ። ኬብሉን ዋን ከሚለው ቀዳዳ ነቅለው ላን ከሚሉት፣ ለቤት ውስጥ መሣሪያዎች ከተዘጋጁት ቀዳዳዎች በአንዱ ላይ የሚሰኩት ከዚህ በኋላ ነው። ኬብሉን አስቀድመው ካዛወሩት ሁለት ራውተሮች በአንድ ኔትወርክ ላይ አድራሻ ማደል ይጀምሩና የቤቱ መሣሪያ ሁሉ ይታመሳል። ሲጨርሱ ኮምፒውተሩን፣ ቴሌቪዥኑንና ስልኮቹን አጥፍተው ያብሯቸው፤ የያዙትን አሮጌ አድራሻ ጥለው አዲስ እንዲወስዱ ነው። ቴሌቪዥኑ የእንግዳ ተብሎ በተለየ ዋይፋይ ላይ አለመሆኑንም ያረጋግጡ፤ የእንግዳ ዋይፋይ የተሠራው መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ለማድረግ ነውና።

አሁን ሁሉም በአንድ ኔትወርክ ላይ ስለሆነ ለሰርቨሩ ቋሚ አድራሻ ይስጡት። ይህን በኮምፒውተሩ ላይ በእጅ ከመጻፍ ይልቅ በሳሎኑ ራውተር ዲኤችሲፒ ገጽ ላይ፣ የኮምፒውተሩን የኔትወርክ ካርድ ማክ አድራሻ፣ ማለትም የካርዱን መለያ ቁጥር፣ ከአንድ አይፒ ጋር አስሮ ማስያዝ ይሻላል፤ አድራሻዎቹ ሁሉ በአንድ ቦታ ተመዝግበው ስለሚገኙ ነገ ሌላ ዕቃ ሲጨመር ግጭት አይፈጠርም። 192.168.1.10 ቢይዙለት፣ በቴሌቪዥኑ የጄሊፊን መተግበሪያ ላይ ይህንኑ አድራሻና 8096 የተባለውን ፖርት፣ ማለትም የጄሊፊንን የመግቢያ በር ቁጥር፣ በእጅ ያስገቡ። መተግበሪያው ሰርቨሩን በራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። ያ ፍለጋ ለኔትወርኩ በሙሉ በአንድ ጊዜ በሚላክ የጥሪ መልእክት የሚሠራ ሲሆን፣ ጄሊፊን ለዚህ ዩዲፒ በተባለው የመልእክት መላኪያ ዘዴ 7359 ፖርትን ይጠቀማል። እንዲህ ያለው ጥሪ ራውተር አይሻገርም፤ አንዳንድ ዋይፋይ መሣሪያዎችም ያፍኑታል። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ፦ ኮምፒውተሩ ለጥቂት ጊዜ ካልተነካ እንዲተኛ ተደርጎ ከሆነ ሰርቨሩ አብሮት ይተኛል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው ምልክትም ከኔትወርክ ችግር አይለይም። በኡቡንቱ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ በራሱ እንዲተኛ የሚያደርገውን ምርጫ ያጥፉት፤ ስክሪኑ ብቻ ቢጠፋ ጉዳት የለውም።

ስለ ፍጥነት ሲነሣ ብዙ ሰው የኢንተርኔት ፍጥነቱን ይለካል፤ ይህ ግን ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም። ፊልሙ ከሥራ ክፍል ወደ ሳሎን ሲሄድ በቤትዎ ውስጥ ብቻ ነው የሚጓዘው፤ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ እንኳ መታየቱን ይቀጥላል። መለካት ያለበት በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው መንገድ ነው፤ ለዚህም አይፐርፍ 3 የሚባለውን ፕሮግራም በሰርቨሩና በሳሎን በተቀመጠ ላፕቶፕ ላይ ከፍቶ ማየት ይበቃል። ለመመዘኛ ያህል፣ በ1080 ጥራት ብሉሬይ ዲስክ ላይ ያለ ምስል ቢበዛ በሰከንድ 40 ሜጋቢት ይፈልጋል፤ ከ4ኬ ብሉሬይ እንደገና ሳይጨመቅ የተቀዳ ፋይል ግን በከባድ ትዕይንቶች ላይ ከ100 ሜጋቢት በላይ ሊዘል ይችላል። ይህ ቁጥር ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ብዙ ቴሌቪዥኖች የኬብል ቀዳዳቸው 100 ሜጋቢት ብቻ በመሆኑ፣ ኬብል የተሰካበት ቴሌቪዥን በጥሩ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ላይ ካለው ሊያንስ ይችላል። 2.4 ጊጋኸርዝ ግድግዳን የተሻለ ቢያልፍም ለከባድ ፋይል አይታመንም።

ሰርቨሩ ራሱ ግን ያለ ማመንታት በኬብል ይገናኝ። ሰርቨሩም ቴሌቪዥኑም በአንድ ዋይፋይ ላይ ሲሆኑ እያንዳንዱ መረጃ በአየሩ ላይ ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ አንድ ጊዜ ከሰርቨሩ ወደ ራውተሩ፣ አንድ ጊዜ ከራውተሩ ወደ ቴሌቪዥኑ። ፍጥነቱም በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ኬብሉንም ይፈትሹ። የጊጋቢት ግንኙነት በኬብሉ ውስጥ ያሉትን አራት ጥንድ ሽቦዎች በሙሉ ሲፈልግ፣ 100 ሜጋቢት ሁለት ጥንድ ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ አንዲት ሽቦ የተበጠሰችበት ኬብል መሥራቱን ላያቆም ይችላል፤ ዝም ብሎ ወደ አንድ አሥረኛ ፍጥነት ይወርዳል። እኔ አንድ ጊዜ ሁለት ሙሉ ምሽት በሶፍትዌሩ ላይ ስደክም ቆይቼ ምክንያቱን ያገኘሁት ከበር ሥር ሲጨፈለቅ በኖረ ኬብል ውስጥ ነበር። ኢዝቱል የተባለው የሊኑክስ ትእዛዝ የካርዱን ፍጥነት ያሳያል፤ 1000 ማለት ሲገባው 100 ካለ ከራውተሩ ቀዳዳ በፊት ኬብሉን ይጠርጥሩ።

ወደ ዲስኩ እንምጣ። ኡቡንቱ ላይ የዩኤስቢ ዲስክ ሲሰኩ ዴስክቶፑ በራሱ ይከፍተውና በሚዲያ ማውጫ ሥር፣ በእርስዎ የተጠቃሚ ስም በተሰየመ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ያ ፎልደር ለእርስዎ ብቻ የተፈቀደ ነው። ጄሊፊን ደግሞ የሚሠራው በእርስዎ ስም አይደለም፤ ሲጫን በተፈጠረለት ጄሊፊን በተባለ የራሱ ተጠቃሚ ስም ነው። እርስዎ ፊልሞቹን በፋይል ማሳያው ውስጥ አንድ በአንድ እያዩዋቸው፣ እርሱ ግን የደጁን በር እንኳ ማለፍ አይችልም። በሊኑክስ አንድን ፋይል ለማንበብ የፋይሉ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ ወደ ፋይሉ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው በእያንዳንዱ ፎልደር የማለፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ብዙዎች ፊልሞቹ ላይ ፈቃድ በፈቃድ ቢጨምሩም ለውጥ የማያዩት በዚህ ምክንያት ነው። ዲስኩን እንደ ጊዜያዊ ፍላሽ ማየት ትተው የሥርዓቱ ቋሚ አካል ያድርጉት፦ በኤስአርቪ ማውጫ ሥር ሚዲያ የሚባል ፎልደር ይፍጠሩ፤ ዲስኩ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር እዚያ እንዲያያዝ በኤፍስታብ ፋይል ውስጥ ያስመዝግቡት። ሲያስመዘግቡ ሊኑክስ ለዲስኮች በሚሰጣቸው ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ በሚሉት ስሞች አይጠቀሙ፤ እነዚህ በየመነሣቱ ሊቀያየሩ ይችላሉ። ዩዩአይዲ የሚባለው የዲስኩ የራሱ መለያ ቁጥር ግን የፋይል ሥርዓቱ እንደ አዲስ ካልተፈጠረ በቀር አይለወጥም። ኖፌይል የሚለውን አማራጭም አይርሱ፤ እርሱ ከሌለ ዲስኩ ሳይሰካ ኮምፒውተሩን ያስነሡ ዕለት ሥርዓቱ ዲስኩን ሲጠብቅ ቆይቶ ወደ አደጋ ጊዜ ሁነታ ይገባና መነሣቱን ያቆማል።

ዲስኩ ከዊንዶውስ የመጣ ስለሆነ የፋይል ሥርዓቱ ኤንቲኤፍኤስ እንደሆነ እገምታለሁ። ሊኑክስ ኤንቲኤፍኤስን በደንብ ያነባል፤ ከ2021 ጀምሮ፣ ከ5.15 ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ወዲህ፣ የሚጽፍበትም ነጂ በከርነሉ ውስጥ አለ። ነገር ግን በተለመደው አሠራር ፈቃዱ በየፋይሉ ላይ ሳይሆን ዲስኩ በሚያያዝበት ጊዜ በሚሰጠው አማራጭ ይወሰናል፤ በዊንዶውስ ላይ በትክክል ሳይነቀል የቀረ ዲስክም ለመጻፍ እንቢ ሊል ይችላል። ዲስኩን ከእንግዲህ ከዚህ ሰርቨር የማያነሡት ከሆነ ኢኤክስቲ 4 ወደተባለው የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት መቀየር የተሻለ ነው። ይህ ግን ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል፤ ፊልሞቹ ሌላ ቦታ በተሟላ ሁኔታ መገልበጣቸውንና መከፈታቸውን ሳያረጋግጡ እንዳይነኩት አደራ እላለሁ። ኢኤክስቲ 4 ሲፈጠር ከቦታው 5 በመቶ ለሥርዓቱ አስተዳዳሪ ይይዛል፤ በ4 ቴራባይት ላይ ይህ 200 ጊጋባይት ያህል ነው። ለፊልም ብቻ በሚያገለግል ዲስክ ላይ ጥቅም ስለሌለው ቲዩን2ኤፍኤስ በሚባለው ትእዛዝ ወደ ዜሮ ማውረድ ይቻላል። በመጨረሻም ለፊልሞቹ አንድ የጋራ ቡድን ፈጥረው ራስዎንና የጄሊፊንን ተጠቃሚ አባል ያድርጉ፤ ለጄሊፊን የማንበብ ፈቃድ ይበቃዋል። ጄሊፊንን የጫኑት ፕሮግራሞችን ከሥርዓቱ ለይቶ በሚያስኬደው በዶከር ከሆነ ደግሞ በግልጽ ካልሰጡት ማውጫ በቀር ምንም እንደማያይ ያስታውሱ።

ሦስተኛው ችግር የ4ኬው መቆራረጥ ነው፤ እዚህ ላይ መጀመሪያ አንድ ነገር ይመልከቱ። ፊልሙ በሚታይበት ጊዜ የጄሊፊንን የአስተዳዳሪ ገጽ ከሌላ መሣሪያ ከፍተው፣ ፊልሙ በቀጥታ እየተላከ ነው ወይስ እየተቀየረ የሚለውን ያንብቡ። በቀጥታ ሲላክ ሰርቨሩ ፋይሉን እንዳለ ብቻ ስለሚያስተላልፍ የአሥር ዓመት ኮምፒውተርም አይቸገርም። ሲቀየር ግን፣ ማለትም ትራንስኮዲንግ ሲካሄድ፣ ሰርቨሩ እያንዳንዱን ምስል ፈትቶ እንደገና መጭመቅ አለበት። አብዛኞቹ የ4ኬ ኤችዲአር (የብርሃንና የቀለም ስፋታቸው የላቀ) ፊልሞች ኤችኢቪሲ በተባለው የምስል መጭመቂያ ዘዴ በ10 ቢት የተጨመቁ ናቸው። የኢንቴል ስድስተኛ ትውልድ የግራፊክስ ክፍል ባለ 8 ቢቱን ኤችኢቪሲ በራሱ ይፈታል፤ ባለ 10 ቢቱን ሙሉ በሙሉ በሃርድዌር መፍታት የመጣው ግን በሰባተኛው ትውልድ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ማሽን ሥራውን በዋናው ፕሮሰሰር ለመወጣት ይሞክራል፤ አይችልምም። ለሌሎቹ ፋይሎች ግን የሃርድዌር እገዛውን ይጠቀሙበት፦ የጄሊፊንን ተጠቃሚ የግራፊክስ ክፍሉን መጠቀም ወደሚያስችለው፣ ሬንደር ወደሚባለው ቡድን ያስገቡና በአስተዳዳሪው ገጽ ላይ ከሃርድዌር እገዛ ዓይነቶቹ ኪውኤስቪ ወይም ቪኤኤፒአይ የሚለውን ይምረጡ። የ1080 ፊልሞች ያለ ጭንቀት ይቀየሩልዎታል።

የተሻለው መንገድ ግን መቀየር ጨርሶ እንዳያስፈልግ ማድረግ ነው። አስተዳዳሪው ገጽ ፊልሙ የተቀየረበትን ምክንያት ይነግርዎታል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ምስሉ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ መተግበሪያው ላይ የፍጥነት ገደብ ተቀምጦ ይገኛል፤ ወደ ከፍተኛው ከፍ ማድረግ ነው። አንዳንድ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ዲቲኤስ የተባለውን የድምፅ ዓይነት አይቀበልም፤ ያኔ ድምፁ ብቻ ስለሚቀየር ሸክሙ ቀላል ነው። ከሁሉ የከፋው የትርጉም ጽሑፉ ነው። ከብሉሬይ የሚመጣው ፒጂኤስ የተባለው ሰብታይትል ፊደል ሳይሆን ሥዕል በመሆኑ፣ ይህን ማሳየት የማይችል መተግበሪያ ሲያጋጥመው ጄሊፊን ሥዕሉን በምስሉ ላይ ለማተም ሲል ፊልሙን በሙሉ እንደገና ይሠራዋል። ሰብታይትሉን ሲያጠፉት ፊልሙ ወዲያው የሚስተካከል ከሆነ ኤስአርቲ በተባለው ዓይነት በፊደል የተጻፈ ሰብታይትል ይፈልጉለት። ከላቲን ውጭ በሆነ ፊደል የተጻፈ ሰብታይትል ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል አመዘጋገብ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ በፊደሉ ፋንታ ትርጉም የለሽ ምልክቶች ይታያሉ።

ኮዲን በተመለከተ፣ ሁለቱን እንደ ተፎካካሪ ማየት የለብዎትም። ኮዲ በ2002 ለኤክስቦክስ የጨዋታ ማሽን ከተጻፈ ማጫወቻ የተነሣ፣ እስከ 2014 ድረስ ኤክስቢኤምሲ ሲባል የቆየ፣ ከስክሪኑ ጋር ተያይዞ የሚሠራ ማጫወቻ ነው። ጄሊፊን በ2018 መጨረሻ ኤምቢ የተባለው ሌላ የሚዲያ ሰርቨር ምንጭ ኮዱን በዘጋ ጊዜ ከእርሱ ተገንጥሎ የወጣ ሰርቨር ነው፤ ፊልሞችን ይመዘግባል፣ ማን የት ላይ እንዳቆመ ያስታውሳል፣ ለስልክም ለቴሌቪዥንም ያድላል። በእኔ እምነት ለእርስዎ ቤት የሚስማማው ጄሊፊንን በሥራ ክፍሉ እንዳለ ትቶ፣ ሳሎን ውስጥ ራስበሪ ፓይ 4 ወይም 5 በተባለ ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ላይ ሊብሬኤሌክ የተባለውን፣ ኮዲን ለማስነሣት ብቻ የተዘጋጀ ትንሽ የሊኑክስ ስርጭት መጫን ነው። እነዚህ ትናንሽ ቦርዶች ለትራንስኮዲንግ አይሆኑም፤ ባለ 10 ቢት የ4ኬ ኤችኢቪሲን ግን በሃርድዌር ፈትተው ያጫውታሉ፤ ፒጂኤስ ሰብታይትልንም ኮዲ በራሱ ያሳያል። የጄሊፊን ተጨማሪ ፕሮግራም ኮዲ ላይ ሲጫን ሁለቱ አንድ ማኅደር ይጋራሉ። የቦርዱ የኬብል ቀዳዳ ጊጋቢት ስለሆነ የቴሌቪዥኑ የ100 ሜጋቢት ጣጣም ይቀራል፤ ኤችዲኤምአይ ሲኢሲ ስላለውም የቴሌቪዥኑ ሪሞት ኮዲን ያዝዛል። ወጪውን ለማውጣት ከመወሰንዎ በፊት ግን ከላይ ያለውን ሁሉ አድርገው ይሞክሩ፤ ቴሌቪዥንዎ ፋይሎቹን በቀጥታ የሚቀበል ከሆነ ምንም መግዛት አያስፈልግም።

የፋይል አሰያየም ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ አያስቸግርም፦ ለእያንዳንዱ ፊልም የራሱ ፎልደር፣ በፎልደሩ ስም ላይ የፊልሙ ስምና በቅንፍ የወጣበት ዓመት፤ ለተከታታይ ድራማ በየምዕራፉ ፎልደር፣ በየፋይሉ ላይ የምዕራፍና የክፍል ቁጥር። ዓመቱ ካልተጻፈ ስማቸው አንድ የሆኑ ፊልሞች ይምታታሉ። ከሌላ ኮምፒውተር ፊልም ለመጨመር ፎልደርን በኔትወርክ የሚያጋራውን ሳምባን ይጫኑ፤ ለማየት ግን ሳምባ አያስፈልግም፣ ጄሊፊን ራሱ ያደርሳል።

የኡቡንቱን ፋየርዎል (ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚከለክለውን) ካበሩ 8096ን ለ192.168.1 ኔትወርክ ብቻ ይፍቀዱ። ከቤት ውጭ ሆነው ማየት ቢፈልጉ ይህን ፖርት በራውተሩ በኩል ለዓለም እንዳይከፍቱት አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ ክፍት ፖርቶችን ሌት ተቀን የሚፈትሹ ፕሮግራሞች አሉ፤ የሚያገኙት በር የፊልም ብቻ ሳይሆን የመላው ኮምፒውተርዎ መግቢያ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚገባው ዋየርጋርድ የተባለው ቪፒኤን ነው፤ ከ2020 ጀምሮ፣ ከ5.6 ከርነል ወዲህ፣ የሊኑክስ አካል ሆኗል። ስልክዎ በተመሰጠረ መንገድ ወደ ቤት ይገባል፤ ራውተሩ ላይ የሚከፈተውም የዋየርጋርድ አንድ የዩዲፒ ፖርት ብቻ ነው፤ ቁልፉ ለሌለው ሰው ምንም መልስ አይሰጥም።

ኔትወርኩን አንድ ካደረጉ፣ ዲስኩን በቋሚነት ካያያዙና ሰብታይትሉን አጥፍተው ከሞከሩ በኋላም አንድ ፊልም የሚቆም ከሆነ፣ የፋይሉን የምስልና የድምፅ ዓይነት፣ አስተዳዳሪው ገጽ የሚሰጠውን የመቀየር ምክንያትና በሁለቱ ክፍሎች መካከል በአይፐርፍ የለኩትን ፍጥነት ይጻፉልኝ፤ ችግሩ የቀረው በየትኛው ላይ እንደሆነ ከእነዚህ ሦስቱ መለየት ይቻላል።